ፈቃዱ በእሷ ስም

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ቤቱን ዛሬ ተረከብን። በጫማ ሰሪውና በመድኃኒት ቤቱ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበርና አንድ ማጠቢያ ገንዳ ከገባባት ሌላ ነገር አትችልም። ከእኛ በፊት የተጠበሰ ነገር ይሸጥባት ነበር አሉ፤ ግድግዳው አሁንም ቅባት ቅባት ይላል። በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል ብረት ነው፤ መሃል ላይ ይይዘዋል፣ በትከሻ ካልገፉት አይሄድም። ባለቤቴ ገና ከመግባቷ መስታወቱ የት እንደሚሰቀል በእጇ አሳየችኝ። እኔ ሌላ ቦታ አስቤ ነበር። ብርሃኑ ግን እሷ ባሳየችው ቦታ ይሻላል።

የውጭ ዜጋ እዚህ አገር ፀጉር ቤት ልክፈት ካለ መጀመሪያ የሙያ ፈተና ያልፋል። ከዚያ የንግድ ፈቃድ ያመለክታል። ከዚያ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱን አይቶ «ይሁን» ማለት አለበት። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። የመኖሪያ ፈቃዳችን ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ያኔ የንግድ ፈቃዱ በእጃችን ከሌለ አይታደስም። አይታደስም ማለት ሻንጣ ነው። ልጃችን ትምህርት ቤት ጓደኛ ያገኘችው ገና አሁን ነው።

ለፈተናው ሁለታችንም ተመዝግበናል። እሷ «ብቻህን ከምትሄድ ላጅብህ» ብላ ነው።

ጥቅምት 12

ተፈተንን። ጠዋት የእጅ ሥራ ነበር፤ ፈታኟ መቀስ አያያዜን ቆማ አየችና ራሷን ነቀነቀች፣ በደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡን። ስለ ራስ ቆዳ በሽታ፣ ስለ ማምከኛ ፈሳሽ፣ ደንበኛ ቢደማ ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉም በእነሱ ቋንቋ። ዕድሜዬን ሙሉ ምላጭ የያዝኩ ሰው «ደም» የሚለውን ቃል ተጽፎ ሳየው አላወቅኩትም። ግማሹን በግምት ነካሁት።

እሷ ከፊቴ ነበረች፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ። ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ከሴቶቹ ጋር እያወራች ቋንቋውን ለቃቅማዋለች። እኔ መጋዘን ውስጥ ከካርቶን ጋር ነው የምውለው። ካርቶን አያወራም።

ጥቅምት 19

ውጤት መጣ። እሷ አልፋለች። እራት በላን።

ጥቅምት 20

ትናንት ያልጻፍኩትን ዛሬ ልጻፍ።

የወደቅኩት በጽሑፉ ነው። በእጅ ሥራው ከእሷም የበለጠ አምጥቻለሁ፤ ግን አንዱን የወደቀ ሁሉንም እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው። ቀጣዩ ፈተና መጋቢት ላይ ነው። እስከዚያ ማን ያቆየናል። ስለዚህ ማመልከቻው በእሷ ስም ይገባል። ቁጭ ብለን ተነጋግረን ተስማማን። ተነጋገርን ማለት እሷ ተናገረች፣ እኔ እሺ አልኩ።

አገር ቤት ፀጉር ቤቴ ስትቀጠር ሒሳብ ተቀባይ ነበረች። መቀስ ያስያዝኳት፣ ምላጭ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ደስ ብሎኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ ደስ ብሎኛል ብያለሁ።

ትናንት እራት ላይ ልጃችን «አባዬ፣ እኔም ሒሳብ ስወድቅ ድጋሚ እፈተናለሁ እኮ» አለችኝና ከሳህኗ ድንች አንስታ እኔ ሳህን ላይ አስቀመጠችልኝ። እናቷ ሳቋን ዋጠች። እኔም ሳቅሁ። ድንቹን ግን አልበላሁትም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ንግድ ቢሮ ዋልን። መስኮቱ ላይ ያለችው ባለ መነጽር ሴትዮ ክፉ አይደለችም፤ ደክሟታል ብቻ። የባለቤቴን ስም ፊደል በፊደል አስነገረቻት። ቀጥላ በእስክሪብቶዋ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሳቸውስ ምንድን ናቸው?»

«አጋሬ ነው። ሥራውን አብረን ነው የምንሠራው» አለች ባለቤቴ።

«የሙያ ማረጋገጫ አላቸው?»

«መጋቢት ላይ ይኖረዋል።»

«መጋቢት ላይ አጋር ይሆናሉ። አሁን ረዳት ናቸው።»

ባለቤቴ ተከራከረች። ከልቧ ነው የተከራከረችው፤ ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀምረው ነበር። እኔ «ተይው» አልኳት በቋንቋችን። ረዳት ምን እንደሚሠራ ጠየቀችልኝ። ፎጣ፣ ውሃ፣ መጥረጊያ፣ ቀጠሮ መያዝ። መቀስና ምላጭ መንካት ክልክል ነው፤ ተቆጣጣሪ ድንገት መጥቶ እጄ ላይ ካየ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ቤት ስንገባ «አንተ እኮ እንደዚህ ዝም ስትል እኔ ያጠፋሁ ይመስለኛል» አለችኝ። ምን አጠፋሽ አልኳት። ምንም አላጠፋችም።

ጥቅምት 30

ጋሼ ታክሲ በመኪናቸው ሸኙኝ። ስማቸው ሌላ ነው፤ እኛ ግን እንደዚያ ነው የምንላቸው። ከእኛ በፊት የመጡ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የትኛው ቢሮ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳዩ ትልቅ ሰው ናቸው። ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን አለበት? ድሮስ ባለቤትህ አይደለችም? አሁን የቤቱም ባለቤት ሆነች፣ በቃ።»

ቀልዳቸው ራሳቸውን አሳቃቸው። መሪውን መታ መታ እያደረጉ ሳቁ።

«እኔ መች ከፋኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«ፊትህ እንደሱ አይልም።»

«ፊቴ ድሮም እንዲህ ነው።»

እስከ ቤት ድረስ ስለ ነዳጅ አወራን።

ኅዳር 8

ከአገር ቤት የመጣላት ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ተተርጉሞ ማኅተም ማረፍ አለበት። የተርጓሚው ቢሮ ለመጋዘኑ ስለሚቀርብ እኔ ይዤው ወጣሁ። ዝናብ ነበር። አውቶቡሱ ዘገየ። እስኪያባራ ብዬ ሻይ ቤት ገባሁ። ሲያባራ ሌላ ሻይ አዘዝኩ። ብደርስ ተዘግቷል። ማለቴ፣ በዚያ ሰዓት ዘግተው ይሆናል ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ።

«ተዘግቷል» አልኳት።

«እሺ፣ ነገ እኔ እወስደዋለሁ።»

ኅዳር 9

ከሆቴል ወጥታ በዚያው ሄዳ አስተርጉማ መጣች። ትናንት በሄድኩበት ሰዓት ነው የሄደችው። 

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው። «ተይው፣ አትደውዪለት ሰሞኑን። ሆድ ብሶታል» ትላለች።

ሆድ አልባሰኝም። ደክሞኛል። መድከምና ሆድ መባስ ይለያያሉ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ተቆጣጣሪው ዛሬ ረፋድ ላይ ይመጣል ተብሎ ነበር። እሷን አለቃዋ አልለቅም አላት፤ እኔ ከመጋዘን ፈቃድ ጠይቄ እንድጠብቀው ተባለ። በጠዋት ሄጄ የቀረውን ግድግዳ ስቀባ ነበር። ነጭ ነው። እኔ ሰማያዊ ብዬ ነበር። የመንገዱ አቧራ እርጥቡ ቀለም ላይ እንዳያርፍ በሩን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ከሥር እስከ ጉልበት የምታህል ክፍተት ብቻ ቀርታለች።

ማንም አልመጣም። መጥቶም ከሆነ አልሰማሁም። ጫማ ሰሪው ማሽኑን ሲያስነሳ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ቢያንኳኳ የሚሰማ አይደለም።

ሰውየው ቡናማ ጫማ ነው ያደረገው። የአንዱ ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ይጎትታል። ቆመ፣ ቆመ፣ ሄደ። እሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጫማ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ብሩሹን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ ነበር፤ ቀለሙ በክንዴ ወርዶ ክርኔ ደርሷል።

ኅዳር 12

ለእሷ ደወሉላት። «ቤቱ ዝግ ነበር» ብለው መዝግበዋል። ቀጣዩ ክፍት ቀጠሮ ጥር ውስጥ ነው። ጥር ላይ እኛ እዚህ የለንም።

ስልኩን እንደያዘች የቀለም ባልዲው ላይ ቁጭ አለች።

«ማሽኑ ይጮህ ነበር» አልኳት።

«የቱ ማሽን?»

«የጫማ ሰሪው።»

«እ» አለች።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጫማ ሰሪው ጥሩ ጎረቤት ነው። የእኛን ሰላምታ ተምሮ በየጠዋቱ አጣሞ ይለዋል። ዛሬ እሷ ወለሉን ልታጥብ ስትመጣ አነጋገራት። እኔ ውስጥ መስታወቱን እየለካሁ ነበር። ስትገባ ፊቷን አላየሁትም፤ ድምጿን ነው የሰማሁት፣ ዝግ ያለ።

«ጫማ ሰሪው ሐሙስ ዕለት ማሽኑ ተበላሽቶ እንደነበር ነገረኝ።»

መለካቴን ቀጠልኩ።

«ተቆጣጣሪውን ‹ሰውየው ውስጥ ነው፣ ጠንከር አድርገህ አንኳኳ› ብሎት ነበር አለ። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ይላል።» ባልዲውን አስቀመጠች። «ወስዶህ ነበር?»

«ወስዶኝ ነበር» አልኳት።

ክንዴ ላይ ደርቆ የቀረውን ነጭ ቀለም አየችው። እየቀባሁ እንደነበርኩ ታውቃለች፤ ግድግዳው ፊቷ ነው።

«በነጭ ጋዝ ካላሸኸው አይለቅም» አለችኝና ባልዲውን ይዛ ወጣች።

ኅዳር 18

በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ትሰለፋለች። ቀጠሮ የሰረዘ ሰው ካለ ብላ።

«ምን አሉሽ?»

«ነገ ሞክሪ አሉኝ።»

 እግሯ አብጧል። ውሃ አሙቄ አቀረብኩላት፤ አመሰግናለሁ አለችኝ። ለባሏ አመሰግናለሁ የምትል ሴት አልነበረችም።

ኅዳር 23

ጥር ላይ የልጃችን ጓደኛ ልደት ነው። «እመጣለሁ ልበላት ወይስ አልበላት?» ብላ ጠየቀች። እናቷ «በያት» አለቻት። ሳህኔን እያየሁ በላሁ።

ኅዳር 25

ዛሬ መጋዘኑ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ባላስብ ይሻል ነበር።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ማንም ክፉ ነህ ብሎኝ አያውቅም። ለልጄ እዚህ አገር መቅረት የማልከፍለው ነገር የለም፤ ይህን ለማንም መማል እችላለሁ። ደግሞ እሷ በማለፏ አልተናደድኩም። ማንም ባል ይኮራ ነበር። ኮርቻለሁም።

ያን ሰውዬ ከፍቼ ባስገባው ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አንተ ማነህ ይለኛል። ረዳት ነኝ ልለው ነበር። ቃሉን ጠዋት በአውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው ነበር፣ በእነሱ ቋንቋ አጭር ናት፤ አፌ ላይ ግን አልቀመጥ አለች። ሲያንኳኳ አሁን እከፍታለሁ፣ አሁን እከፍታለሁ እያልኩ ነበር። ከዚያ ጫማው ዞረ።

እሷ ዛሬም ነገ ሞክሪ ተባለች። ስትተኛ ካልሲዋን እንኳ አላወለቀችም።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ለማንም ሳልናገር ከመጋዘን ቀርቼ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ሄድኩ። እሷ ተሰልፋ ከሄደች በኋላ ነው የደረስኩት። የእነሱን ቋንቋ ቀስ ብለው ሲናገሩት ይገባኛል፤ መመለስ ነው የሚያቅተኝ። መንገዱን ሙሉ ያለኝን ቃላት ስደረድር ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ ያለኝ ይህ ብቻ ነበር፦ «ሚስቴ ሥራ ነበረች። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ሰውየው አንኳኳ። እኔ በር አልከፈትኩም። ሚስቴ ጥፋት የላትም።»

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ማን እንደሆንን ጠየቀኝ። የቤቱን ቁጥር ሰጠሁት።

«ለምን አልከፈቱም?»

«ቃሉ የለኝም» አልኩት። ቋንቋውን ያልኩት መሰለውና ራሱን ነቀነቀ። በእኛም ቋንቋ የለኝም ነበር።

ከጓሮ ክፍል ሌላ ሰው ጠርቶ መጣ። ከፊቱ በፊት ጫማውን ነው ያወቅኩት። ጠና ያለ ሰው ነው፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለበት። ቀና ብሎ አየኝና በጣቱ ወደ እግሬ ጠቆመ።

«አይቼህ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባኝ። «ጎንበስ ብዬ እግርህን አይቻለሁ።»

እግሬን ሰበሰብኩ።

«‹አላስገባም አለኝ› ብዬ ብጽፍ ማመልከቻው እዚያው ነበር የሚያበቃው። ‹ዝግ ነበር› ብዬ ጻፍኩ።» መዝገቡን ገለጠ። «ረቡዕ አንድ ሰው ሰርዟል። በዚህኛው ጊዜ ግን ባለፈቃዷ ራሷ መገኘት አለባት። ትገኛለች?»

«ትገኛለች» አልኩት።

ወጥቼ ሆቴሉ ጓሮ በር ላይ ጠበቅኳት። ስታየኝ ደነገጠች፤ ልጅቷ የታመመች መስሏት ነው።

«ረቡዕ ይመጣል» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ሄጄ ነበር።»

«እንዴት እሺ አሉህ?»

«እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።»

አብረን መሄድ ጀመርን። ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም።

«አውቃለሁ» አለች። «ቆሞ ግድግዳ እየቀባ እንቅልፍ የሚወስደው ማን አለ።»

ከዚያ ብዙ ሄድን። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ «ለምን እንዳልከፈትክ ዛሬ አልጠይቅህም። ዛሬ ደክሞኛል። አንድ ቀን ግን እጠይቅሃለሁ» አለችኝ። ቦርሳዋን ያን ጊዜ ሰጠችኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

አለቃዋ «ብትቀሪ እንዳትመለሺ» ብሏት ነበር። ቀረች።

በሩን እስከ ላይ ድረስ አነሳሁት። በትከሻዬ ሁለቴ ገፍቼ ነው። ተቆጣጣሪው ገባና ዙሪያውን አየ። እኔ ለበሩ ስለምቀርብ ወደ እኔ ዞሮ «ባለፈቃዷ?» አለ።

«እሷ ናት» አልኩት። «እኔ ረዳት ነኝ።»

ባለቤቴ አየችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ውሃው ይሞቃል ወይ፣ ወንበሮቹ ምን ያህል ይራራቃሉ፣ ማምከኛው የት ይቀመጣል፣ ሁሉንም እየዞረች አሳየችው። የማላውቃቸውን ቃላት ሁሉ ታውቃቸዋለች። አንዱን ሲጠይቃት ትንሽ አሰበችና ስትመልስለት ከእስክሪብቶው ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

መጨረሻ ላይ እሳት ማጥፊያው ጋ ቆመ። «ያውርዱት» አላት። እጇን ዘረጋች፣ በጣቷ ጫፍ ቆመች፣ አልደረሰችበትም። የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ቁመት።

ባለፈቃዷ ካልደረሰችበት ቤቱ አያልፍም። ሰውየው ግን ሰዓቱን አይቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «መሰርሰሪያ አላችሁ?» አለ። ከጫማ ሰሪው ተውሼ መጣሁ። እሷ እጇን ዘርግታ «እዚህ» አለችኝ። እዚያ ሰቀልኩት። አዲሱ ነጭ ግድግዳ ላይ ከላይ የድሮው ቀዳዳ ቀርቷል።

ፈረመ።

ታኅሣሥ 22

ወጣ። ፈቃዱ ወጣ። ባለ መነጽሯ ሴትዮ ስታቀብላት «መልካም ሥራ» አለቻት። ባለቤቴ መንገድ ላይ አለቀሰች፤ ሰው እንዳያያት ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ዞራ የጥርስ ሳሙና የምታይ መሰለች።

ታኅሣሥ 23

መኖሪያ ፈቃዱም ታደሰ። የእሷ ካርድ ላይ ሥራዋ ተጽፏል። የእኔ ላይ «የባለፈቃድ ባል» ይላል። ጋሼ ታክሲ አነበቡት። ዛሬ አልቀለዱም፤ ትከሻዬን መታ አድርገው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብቻ አሉኝ። ልጅቷ ለጓደኛዋ ደወለች።

እኔ ደክሞኝ ነበር። ገብቼ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ከፈትን።

እስከ እኩለ ቀን ማንም አልመጣም። ፎጣ አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና አጠፍኩ። ጫማ ሰሪው በበሩ ብቅ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየን። ከዚያ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ገባ፤ ጢሙን መላጨት ነው የሚፈልገው። እኔ ሳላስበው ወደ ምላጩ ተራመድኩ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። አየችኝ። ዞሬ ውሃውን ከፈትኩ።

አገር ቤት የእሷ ሥራ የሴቶች ፀጉር ነበር፤ ምላጭ የያዘችው ጥቂት ጊዜ ነው። ሰውየውን አስደግፋ አረፋውን ቀባችው። ምላጩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። እኔ ነኝ ያየሁት፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ከየት ልጀምር?» አለችኝ በቋንቋችን፣ ቀና ሳትል።

«ከጆሮው ሥር» አልኳት።

ምላጩን ግን አገጩ ሥር አሳረፈች። እኔ ከዚያ ጀምሬ አላውቅም፤ ማንንም ከዚያ ጀምር ብዬ አላስተማርኩም። ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወጠር አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች።  አንድም ቦታ አልደማም።

ስትጨርስ ወደ እኔ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ትኩሱን ፎጣ አቀበልኳት።